ባዶ ሆድ ላይ መርዶ

አፌ አያርፍም። እናቴ «ይቺን ስወልድ ቀድሞ የመጣው ምላሷ ነው» እያለች በጎረቤት ፊት ታሾፍብኝ ነበር፤ ውሸቷንም አይደለም። የተሰማኝን ሳልናገር ካደርኩ ያመኛል። እንዲህ ያለሁት እኔ፣ ረሀቡና አብዮቱ አንድ ላይ በመጡበት ዓመት፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ሳስተምር፣ አንድ ወሬ ይዤ ከፋሲካ ሰሞን እስከ ሰኔ መጨረሻ ዝም አልኩ። ብቻዬንም አይደለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ አብሮኝ ዝም ብሏል።

በደህናው ዘመን ሰኔ ለተማሪ የደስታ ወር ነው። ፈተናው ያልቃል፣ ካርድ ይሰጣል፣ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ይዘጋል። ከመዘጋቱ በፊት ልጆቹ ከየቤታቸው እበት ይዘው መጥተው ወለሉንና ግድግዳውን ይለቀልቃሉ፤ ያን ቀን መቀባባቱና ሳቁ ሌላ ነው። በዚያ ዓመትም ርዕሰ መምህሩ ወጉ እንዳይቀር ብሎ በጠዋት ሰልፍ ላይ «ነገ ሁላችሁም እበት ይዛችሁ ኑ!» ሲል ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከብቱ አልቆ እበቱ ከየት ይምጣ? በማግስቱ አንዲት ልጅ ብቻ ከመንገድ የለቀመችውን የአህያ ፋንድያ በቅጠል ጠቅልላ መጣች። ወለሉ ሳይለቀለቅ ቀረ።

ክፍሌ ውስጥ ግማሹ መቀመጫ ባዶ ነበር። በየካቲት እኛ መምህራን ሥራ አቁመን ከርመን ስንመለስ፣ ገሚሱ ተማሪ ከነቤተሰቡ የደሴን መንገድ ይዞ ወርዷል። የቀሩት ደግሞ ሲያነቡ ድምፃቸው አይወጣም፤ አንድ መስመር አንብቤ ተከተሉኝ ስላቸው መሀል ላይ ይደክማቸዋል። ጠመኔ እየጠፋ አስቸገረኝ። «የትኛው ሌባ ነው?» ብዬ ለፍልፌ ለፍልፌ፣ አንድ ቀን አንዱን ትንሽ ልጅ አፉ ዙሪያውን ነጭ ሆኖ አየሁት። ለካ ይበሉታል! ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ፤ ፊቴን አዙሬ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ሳጠፋ ቆየሁ።

የእርዳታው የዱቄት ወተት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሊመጣ ነው ሲባል ዘበኛችን፣ የወረኢሉ ተወላጅ የሆነ ሙስሊም ሽማግሌ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ስቆብን ነበር። ጭነት መኪናው እውነት መጥቶ ሲያራግፍ ግን ከሁላችንም በላይ የተደሰተው እሱ ነው። «አጀብ! ላሟ ወረደች!» እያለ ረፋድ ረፋድ ላይ በበርሜል ይበጠብጥና በጣሳ ያድላል። ጊዜው የሰኔ ጾም ነው። የደብሩ ቄስ ግን ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ለሕፃናት አይከለከልም፣ ይጠጡ» ብለው ስለተናገሩ ልጁ ሁሉ ጣሳውን ይዞ ተሰለፈ። አንዷ ብቻ እጇን አጣጥፋ ከሰልፉ ወጣች። እሷም የእኚሁ ቄስ ልጅ ናት።

አባቷን ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን፤ ስንቱን ዳዊት ያስደገሙ ሰው ናቸው። ልጅቷ አሥር ዓመት ቢሞላት ነው። ጎበዝ ናት፣ ደግሞ ግትር፤ እውነቱን ለመናገር በግትርነቷ ነበር የምወዳት። ፋሲካ ሊደርስ ሲል እናቷ የሚጠባውን ሕፃን አዝላ ኩታበር ወንድሟ ዘንድ ሄደች፤ «ትንሽ እህል ይዤ እመለሳለሁ» ብላ። የኔታ ታቦቱን ለማን ጥለው ይሂዱ? ሌሎቹ ካህናት ተሰደው እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ሴትዮዋ ኩታበር ስትደርስ የወንድሟ ቤት ተዘግቶ ባዶውን ቆሟል። ከዚያ ደሴ መጠለያ ገባች፣ እዚያው እናትም ሕፃንም በተስቦ አለቁ። ይህን ወሬ አንድ የወረኢሉ ነጋዴ አምጥቶ ለየኔታ ነገራቸው፣ ባንድ ቀን መንደሩ ሁሉ ሰማ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያልሰማችው ልጅቷ ብቻ ነበረች።

በአገራችን መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይወረወርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የሞተበት ሰው እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፣ ከሰማ በኋላ አይበላማ። ለዚች ልጅ ግን የሚሰበሰበው ዘመድ ተበትኗል፣ የቀብር ዕድሩ፣ ቅሬው ራሱ፣ ቀባሪ አጥቷል፣ የምትቀምሰው እህልም የለም። ስለዚህ «ትንሽ ትጠንክር» እየተባለ ቀኑ ሄደ። ትልልቆቹ ልጆቻቸውን «አንድ ቃል ብትተነፍሱ ወዮላችሁ!» ብለው አስጠነቀቁ። ልጆቹም ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት።

እሷ ይህን ሳታውቅ፣ ጾሙ ሲገባ ለእመቤታችን ስለት ተሳለች፤ እናቴን በደህና አምጪልኝ እንጂ፣ እሷ እስክትመጣ የፍስክ ነገር ባፌ አላስገባም ብላ። ወተቱን ለምን እንደማትጠጣ ብጠይቃት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝ ራሷ ናት። «እትዬ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ፤ ስለት አይወራም» አለችኝ። ምን ልበላት? ያ ሁሉ ምላሴ ደረቀ። ቤታቸው ያለው ከሰዓት በኋላ የምትቆረጥመው እፍኝ የማትሞላ ሽምብራ ነው። የአንገቷ አጥንት በቀሚሷ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

አንድ ቀን ሒሳብ እየሠራን ሳለ ከጎኗ ከሚቀመጠው ልጅ ጋር በእርሳስ ተጣሉ። እሷ ነጠቀችው። እሱ ብድግ አለና «አንቺ! እናትሽ እኮ...» አለ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ልጁ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«እናቴ ምን?» አለች እሷ።

«እናትሽ... ስትመጣ እነግርብሻለሁ» አላትና እርሳሱን ትቶላት ቁጭ አለ።

«ንገራ! ስትመጣ ንገር!» ብላ ምላሷን አወጣችበት። ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ዋለ። ሲወጡ ጠርቼ ግንባሩን ሳምኩት።

በማግስቱ ወደ የኔታ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ የቆሎ ተማሪዎቻቸው የሚለምኑት ቤት አጥተው ተበትነዋል። እሳቸውም ከስተው ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል።

«የኔታ፣ ወተቱን እንድትጠጣ ይዘዟት። አባትም ካህንም ነዎት» አልኳቸው።

«አዝዣት የለም እንዴ ልጄ! ጾሙን ፈትቼልሻለሁ ብላት፣ ስለቱንስ? አለችኝ። የልጅ ስለት አይያዝም አልኳት። ለሰው ሁሉ ስለት ዕዳ ነው እያሉ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ፣ እኔ ጋ ሲሆን ነው የሚቀለው? አለችኝ። ምን ልመልስላት?»

«እውነቱን ነዋ! እናትሽ የለችም ይበሏት፤ ስለቱም በዚያው ይቀራል።»

«ባዶ ሆድ ላይ መርዶ?» ብለው ቀና አሉ። «ያን ገላ አይተሽዋል። ዛሬ ብነግራት ለቅሶው ይወስዳታል። ወተቱን ትጠጣ፣ ነፍስ ትዝራ፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ።»

«ካልነገሯት አትጠጣማ!»

«ካልጠጣች እኔ አልነግራትም።»

ያረቢ! ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ። የሚያበግነው ደግሞ ክፉ ሰው አለመሆናቸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ሰድቤያቸው እገላገል ነበር። ለሚስታቸው ፍትሐት ያደረሱት ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትውል ጠብቀው ነው። ለቅሷቸውንም ያለቀሱት ድምፅ እንዳይወጣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው እንደሆነ ያዩዋቸው ሰዎች ነግረውኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለው ይቆጡታል?

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ስንት ምሕላ የተያዘበት ዝናብ! ሰው ከየቤቱ ወጥቶ እልል አለ፣ ዘበኛው «አልሐምዱሊላህ!» እያለ በዝናቡ ውስጥ ባዶ ራሱን ቆመ። ልጅቷ እየሮጠች፣ ያ ሩጫ ከተባለ፣ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«አዩ እትዬ፣ እመቤታችን ሰምታኛለች! ዝናቡን ላከች፤ እናቴንም ታመጣታለች» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። በሕይወቴ ዝናብ የጠላሁት ያን ቀን ነው።

ርዕሰ መምህሩ ጆሮውን ከራዲዮው አይነቅልም። አዲስ አበባ ሹማምንቱ ይታሰራሉ፣ ወታደሩ መግለጫ ያወጣል፤ እሱ የንጉሡን ፎቶ ከቢሮው ግድግዳ ያውርድ አያውርድ ጨንቆት አንድ ቀን ያወርደዋል፣ በማግስቱ መልሶ ይሰቅለዋል። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ ወተቱን ከየት ያገኛሉ ብዬ ጠየቅኩት።

«መንገዱ ጨቅይቷል፣ ከእንግዲህ መኪና አይመጣም። ያለው እስከ መዝጊያው ቀን ያደርሰናል» አለኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ክረምት ነው።»

«እንግዲያው አንተ ፎቶህን ስቀል!» ብዬ በሩን በላዩ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። በሩን ከመወርወር ሌላ ምን ሥልጣን ነበረኝ?

በመጨረሻው የፈተና ቀን እያንዳንዳቸው ሰሌዳው ዘንድ ወጥተው እንዲያነቡ አደረግኩ። የእሷ ተራ ደረሰ። ጥርት አድርጋ ጀመረች፣ ጥቂት እንደሄደች ጉልበቷ ከዳትና ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ሳነሳት እንደ ጨርቅ ቀለለችኝ። ዘበኛው ጣሳውን ይዞ ሮጦ መጣና «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ትንሽ ፉት በይለት» ቢላት ጥርሷን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች።

«ጾሙ ሊፈታ ምንም አልቀረው፤ እናቴ ለፍቺው ትደርሳለች» አለች።

ጣሳውን ከእጁ ነጥቄ በግድ ልግታት ቃጣኝ፤ ተውኩት። ተማሪዎቹን አሰናብቼ፣ እሷን ዘበኛው ቤት አስተኝቼ፣ ዝናብ እየመታኝ የኔታ ደጅ ደረስኩ። እንዴት ዋሉም አላልኩ።

«የኔታ፣ ለሁለት መርዶ ይዘጋጁ!» አልኩ። «የአንደኛውን ወግ ሲጠብቁ ሁለተኛው እየመጣ ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ ወድቃለች። እኔ ልነግራት ስንቴ አፌን ከፈትኩ! ግን የእኔ አይደለም፣ የአባት ነው።»

ይህን ብዬ ፊቴን አዙሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ እየተሳደብኩ አለቀስኩ፤ ማንን እንደምሳደብ አላውቅም።

የመዝጊያው ቀን ካርድ አደልኩ። ማን አንደኛ ወጣ ማን ሁለተኛ፣ ለማንም ጉዳዩ አልነበረም፤ የሁሉም ዐይን በርሜሉ ላይ ነው። የመጨረሻው ወተት ነዋ። ውጪ ስለሚዘንብ ዘበኛው ወደ ክፍል አስገብቶ አደላቸው፣ እነሱም ጣሳውን እየላሱ ጨረሱ። የልጅቷን ድርሻ ግን እንደ ሁልጊዜው ምናልባት ብሎ ፊቷ አስቀመጠላት። እሷ ወደዚያ አላየችም።

ያን ጊዜ የኔታ በሩ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የለቅሶ ወግ የማያውቅ ልጅ በዚያ ዓመት አልነበረም፤ ሹክሹክታው ባንዴ ቆመ።

«አባ?» አለች ልጅቷ፣ ከመቀመጫዋ ተነስታ።

የኔታ ፊቷ መጥተው ተንበረከኩ። «ልጄ፣ እናትሽ አርፋለች። ሕፃኑም አርፏል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

መጀመሪያ ጮኾ ያለቀሰው ያ በእርሳስ የተጣላት ልጅ ነው። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው፤ ያን ያህል ጊዜ አምቀው የያዙትን ባንዴ ለቀቁት። እኔም ሰሌዳውን ተደግፌ ተንሰቀሰቅኩ። እሷ ብቻ አላለቀሰችም። አንድ በአንድ አየችን። ሁላችንም እናውቅ እንደነበር ሲገባት ከፊቷ ላይ አነበብኩ።

«መቼ?» አለች።

«ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ።»

«እኔ የተሳልኩት ከዚያ በኋላ ነው» አለች።

«አዎ ልጄ።»

«ሞታ ነው ስጾምላት የነበረው?»

የኔታ ራሳቸውን እግሯ ላይ ደፉ። እሷ ከፊቷ ያለውን ጣሳ በሁለት እጇ አነሳችና ጠጣች። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። እየፈሰሰ ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ እሷ ግን አላቆመችም። እስከ ጭላጩ ጠጥታ ጣሳውን ወደ ዘበኛው ዘረጋች።

«ይጨመርልኝ» አለች።

ዘበኛው በርሜሉን አዘንብሎ አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ትጠብቃለች። አልቋል ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ።