ማኅተሙ ወደ መስኮት ሲወጣ

መንግሥት ተሐድሶ ባለ ቁጥር የሚለወጠው ታፔላው ብቻ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። ይህን የምለው እኔ በተሐድሶ ሁሉ ስሳለቅ የኖርሁ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ነኝ።

ሥራ የጀመርሁት ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን የመዝገብ ቤቱ ሹም ጋሽ ደምሌ ከመስኮቱ ኋላ አስቀመጡኝና ሥራዬን አስረዱኝ።

«ሰው ሲመጣ ‹ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው› በል።»

«ባይሆኑስ?»

«ይገባሉ።»

ማኅተሙ በኃላፊው መሳቢያ፣ ቁልፉ በኃላፊው ኪስ ነበር። እሳቸው ሲወጡ መሥሪያ ቤቱም አብሯቸው ይወጣል። ስንት ተሐድሶ አለፈ! ሠለጠንን፣ ቻርት ለጠፍን፣ የባለጉዳይ ወንበር ቀለም ቀባን። መሳቢያውን የነካ ግን አልነበረም።

በመጨረሻው ለውጥ ወይዘሮ አስናቀች ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ በዕድሜ ታናሼ ናቸው። ንግግር አላደረጉም። የመፈረም ውክልና ጽፈው ማኅተሙን ለመስኮት ሠራተኞች ሰጡ። ጋሽ ደምሌ ጡረታቸው ተቃርቦ ነበርና «ልጄ፣ ያልፈረመ አይታሰርም» ብለው መከሩኝ። ብልህ ምክር ነው፤ አገር የሚገድለውም ይኸው ብልሃት ነው።

አንድ ጠዋት እትዬ ጥሩነሽ የተባሉ ባልቴት ከደቅ ደሴት መጡ። በስማቸው የተመዘገበውን ማሳ የሟች ባላቸው ወንድም ማረስ ጀምሯል። «ሌላ ሰው እንዳያርሰው» የሚል ደብዳቤ ለቀበሌው ያሻቸዋል። በአገራቸው ልማድ አንዴ ዘር ከወደቀ ሽማግሌው «የዘራ ይጨድ» ይላል፤ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። ጀልባው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል፤ ሌላው የሚነሣው በሳምንቱ ነው።

መዝገቡን አየሁ፤ ማሳው የእሳቸው ነው። አፌ ግን የለመደውን አወጣ፦ «ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ታዲያ ስብሰባው ደቅ ሄዶ በሬውን ይፍታልኝ?» አሉኝ።

አፍሬ ለወይዘሮ አስናቀች ደወልሁ።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ይደውላሉ?» ብለው ዘጉት።

ፈረምሁ፤ ማኅተሙን መታሁ። እትዬ ጥሩነሽ ሳያመሰግኑኝ ወደ ጀልባው ሮጡ። ደስ አለኝ፤ መብቱን የተቀበለ ሰው እጅ አይነሣም።

አራሹ ግን ከላይ ዘመድ ነበረው። ደውሎላቸው ኖሮ በማግሥቱ እኒያ ባለሥልጣን ዘመድ ቢሯችን ድረስ መጡ።

«ይህን የፈረመ ማን ነው?»

ልነሣ ስል ወይዘሮ አስናቀች ካቀረቀሩበት ቀና ሳይሉ «መሥሪያ ቤቱ ነው» አሉ። «ቅሬታ ካለ ያቅርቡ፤ መስኮቱ ያውልዎት።»

ባለሥልጣኑ ወረፋውን አዩት፤ ረጅም ነበር። ሄዱ።

ያን ክረምት ዳጉሳውን የዘሩት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው።

ወይዘሮ አስናቀች ዛሬ ተዛውረዋል። ውክልናው አልተሻረም፤ አዲሶቹ ሠራተኞች ግን ከመፈረም ይልቅ ለኃላፊው መደወል ጀምረዋል። ተሐድሶ የሚሠራው ሥልጣን እስከ መስኮት ሲወርድና የወረደለት ሰው ሲጠቀምበት ነው። አንተ በመስኮት የተቀመጥህ አንባቢ፣ ፊትህ ሰው ቆሟል፤ ስልኩን አስቀምጥና ፈርም።