ሰዓቶቹ የቆሙ ዕለት

ሰዓት ሠሪው ጆሮ አለኝ ባይ ነበር። የደንበኛው ሰዓት ገና ከኪስ ሳይወጣ ማነከሱን እሰማለሁ ይላል። የእህቱ ካናሪ ወፍ ግን በሽቦ ቤቷ አጠገቡ ተሰቅላ አራት ቀን ሙሉ «ጭቅ፣ ጭቅ» ስትል፣ ከግድግዳው አርባ ሰዓቶች አንዱ ነው ብሎ ተዋት። ይኸው ነው ጆሮው!

ታላቅ እህቱ ሆስፒታል ስትገባ ወፏን በአደራ ሰጥታዋለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ እሱ ስልኩን ከሽቦ ቤቱ ያስጠጋል፣ ወፏም ታዜማለች። ካለፉት ሁለት ቀናት ወዲህ ግን ዜማዋ ጠፋ፤ እሱም ተኝታለች እያለ ዋሸ። እህቱ ነገ ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና አለባት።

በመጨረሻ ጨነቀውና የእንስሳት ሐኪም ጠራ። ሐኪሟ የወፏን የጉሮሮ ላባ በውኃ አርሳ ባትሪ አበራችበት። በስሱ ቆዳ ውስጥ ጥቋቁር ነጥቦች ይርመሰመሳሉ። የአየር ቧንቧ ቅንቅን ነው፣ ጭቅ ጭቅ የሚያሰኛትም እሱ ነው አለችው። መድኃኒት አለው፤ ቆዳዋ ላይ የምትነካ አንዲት ቅንጣት ጠብታ። ትንሽ ከበዛ ይገድላታል፣ ካልተሰጣት ደግሞ ታፍና ትሞታለች። «የኔ መርፌ የላም ነው» አለች ሐኪሟ። «ያንተን አምጣ።»

የሰዓት ዘይት የሚያስነካበትን መርፌ አመጣ። ጫፉን መድኃኒቱ ውስጥ ነከረ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ማጅራቷ ላይ አስነካ።

ሐኪሟ ስትወጣ፣ ጭቅታው እየሳሳ ከሄደ ተርፋለች፣ እየፈጠነ ከሄደ ግን ተስፋ የላትም ብላው ነበር። በዚያ ሁሉ ሰዓት መሀል ምኑን ይስማ? ተነሣና የአንዱን ባትሪ እያወጣ፣ የሌላውን የሚወዛወዝ ፔንዱለም በእጁ እየያዘ አርባውንም አቆማቸው። ሱቁ ጭር አለ። ጭቅታዋ ብቻ ቀረ። ቆየት ብሎ ሳሳ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

ድና ይሁን ሞታ ሳያውቅ ስልኩ ጮኸ። አንሥቶ ጆሮው ላይ አድርጎ ሽቦ ቤቱ ላይ አጎነበሰ።

«ዛሬም ተኝታለች እንዳትለኝ» አለች እህቱ።

«አልተኛችም፣ እትዬ። ታማለች። ዋሽቼሽ ነው።»

«ሰዓቶችህ አይሰሙም» አለችው። አባታቸው የተቀበሩ ዕለት እንኳ አላቆማቸውም ብላ ስንት ዓመት የተቀየመችው እሷ ናት።

«አቆምኳቸው። ትንፋሿን ልሰማ ብዬ።»

«ትተነፍሳለች?»

ወፏ አፏን ገጥማ ታየዋለች፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ትተነፍሳለች።»

«እንግዲያው ነገ ከቀዶ ጥገናው እስክወጣ ድረስ አታስነሣቸው» አለችው። «ለኔም ይቁሙልኝ።»

ሰዓት ሠሪው ያን ዕለት አንዱንም ሳያስነሣ ሱቁን ዘጋ።