ፖታሲየም ያሻገርንበት ቀን

ደባርቅ በአንድ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን እየሰጠኝ፣ «ጠርሙስ ትሰብርና ወዮልህ!» አለኝ። ጡረታ እስክወጣ አንድም አልሰበርኩም። ኬሚስትሪን ያስተማረኝ የለም፤ የተጣሉ መጻሕፍት እያነሳሁ ራሴን አስተማርኩ። በደርግ ዘመን ከዳባት እስከ ደባርቅ እንደ እኔ ብርጭቆ የሚይዝ ሰው አልነበረም።

አንድ ክረምት ላቦራቶሪያችን ለገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ይሁን ተባለ። የአውራጃው ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶ ሊወስን ሆነ።

የኬሚስትሪው መምህር አስፋው ወጣት ነው። «ጋሽ ፈንታ፣ ተቆጣጣሪው የላቦራቶሪውን ጥቅም እንዲያይ ያቺን ዱቄት እናውጣት» አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ ያመጣት ቁንጥር ዱቄት ነበረች። በሰው የተሠራ ተሸካሚ ሞለኪውል ነው፤ ቅርጹ ቀለበት፣ መሃሉ ለፖታሲየም የተለካ። ሌላ አልነበረንም።

እንደ በሬ ቀንድ ሁለት አፉ ወደ ላይ የዞረ የመስታወት ቱቦ አቆምኩ። ከታች ከውሃ የማይደባለቀውን ፈሳሽ፣ ክሎሮፎርም፣ አፈሰስኩ፤ ዱቄቷ እሱ ውስጥ ሟሙታለች። ከላይ በግራ ቢጫ የፖታሲየም ጨው የሟሟበት ውሃ፣ በቀኝ ንጹሕ ውሃ አደረግሁ።

«ክሎሮፎርሙ ግድግዳ ነው» አልኩት ተቆጣጣሪውን። «ጨው ብቻውን አያልፈውም። ተሸካሚው ግን በግራ ይጭናል፣ በቀኝ ያራግፋል፣ ባዶውን ይመለሳል። መካነ ብርሃን ከተማ እህል አድርሶ እንደሚመለስ በቅሎ ማለት ነው፣ ጓድ።»

ጥቂት ጠበቀና ሰለቸው። «ተኝቶ ምን ይሻገራል? እናቴ ቅቤ ስታወጣ እንዲህ ነበር!» ብሎ ቱቦውን አነሳ፤ ሁለቱን አፎች በአውራ ጣቶቹ ደፍኖ ናጠው። ግራው፣ ቀኙ፣ ክሎሮፎርሙ ሁሉ አንድ ላይ ደፍርሶ አረፋ ሆነ።

አስፋው አመዱ ቡን አለ። ቱቦውን ተቀብሎ ሊደፋው ሲል እጁን ያዝኩት። ነገሩን እሱም ያውቃል፤ ደንግጦ ነው። እኔ አልደነግጥም።

«ጓድ፣ እናትዎ ንጠው ሲያበቁ ወዲያው ይደፉት ነበር?»

«ምን ነካህ! ቅቤው ሳይለይ?»

«እንግዲያው ይህም እስኪለይ ምሳዎን በልተው ይመለሱ።»

ሳቀ። «ደፋር ነህ! ተመልሼ ካላየሁ ግን እህሉ ነገ ይገባል» ብሎ ወጣ።

ቱቦውን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አቆምኩት። ክሎሮፎርሙ ከባድ ስለሆነ ቀስ በቀስ ወደ ታች ዘቀጠ፤ ተሸካሚውም አብሮት። በመርፌ ስቤ አወጣሁት፤ ቢጫው እስኪለቀው በንጹሕ ውሃ አጠብኩት። ወደ ታጠበው ቱቦ መለስኩት፤ ግራና ቀኙን እንደገና ሞላሁ። ከዚያ ቱቦውን ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ለስለስ አድርጌ አወዛውዝ ጀመርኩ።

«ክንድዎ አልዛለም፣ ጋሽ ፈንታ?» ይለኛል አስፋው።

«የእኔ ክንድ?»

ተቆጣጣሪው ወደ ማምሻው ተመለሰ። ከቀኙ ውሃ ኋላ ነጭ ወረቀት ያዝኩለት። ፈዛዛ ቢጫ ሆኗል። አጎንብሶ አየ፤ ለማነጻጸር ከጎኑ ያዘጋጀሁትን፣ ዱቄት ያልገባበትን ሌላ ቱቦም አሳየሁት፤ የዚያ ቀኙ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው።

«በል፣ ለእህሉ ሌላ ቤት ይፈለግ» አለ።

አስፋው አቅፎኝ፣ «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለ። እውነት ስለሆነ አልተከራከርኩም።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ተሸካሚው ጨው በማመላለስ አያልቅም። ቢደፈርስባችሁ አትድፉት፤ እስኪለይ ጠብቁ፣ እጠቡት፣ ድገሙት።