አባ ያላሉትን አሉ ብዬ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት ረስቼው አይደለም። የዋሸሁት በእሳቸው ስም ስለሆነ ነው። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ይህችን አንዷን ምላሴ ሥር ይዣት እነሳ ነበር። አሁን እሳቸው ዐርፈዋል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴም አያምርም። ቢሆንም በገዛ እጄ ልጻፈው።

ወደ አሜሪካ የመጣሁት በአንድ የኤምባሲ ሰው ቤት ሞግዚት ሆኜ ነው። በኋላ ልጄን ሮማንን በሰባት ዓመቷ አስመጣኋት። ትልቁን ልጄን ብርሃኑን ግን ትምህርቱን ይጨርስ ብዬ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ተውኩት። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር። አንድ ቀን ከእህቴ ደብዳቤ መጣ፤ «ብርሃኑ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፣ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚለቁት አልተናገሩም» ይላል። ያኔ ደብዳቤ ይከፈት ስለነበር እንደዚያ ነበር የሚጻፈው። ልጄ ታስሯል ማለት ነው። ደብዳቤውን ይዤ ኩሽና ውስጥ ቁጭ አልኩና ተሳልኩ። «ልጄን በሕይወት ብታወጣልኝ፣ እኔና ሮማን ሁዳዴን አንዲት ቀን ሳናጓድል እንጾማለን» አልኩ። እኔና ሮማን አልኩ። ሮማን ግን ይህን አታውቅም ነበር። ስለት ሲወራ ይረክሳል ብዬ ፈራሁና አልነገርኳትም።

ሮማን በዚያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ከከተማው ዳር ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኔ ጋር እየኖረች ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ትማራለች፤ ለኮሌጁም ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ከሩቅ ቆማ ስትወረውር ኳሷ ብረቱን ሳትነካ መረቡ ውስጥ ትገባ ነበር። እኔ ስለ ኳስ ምንም አላውቅም። እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የማጥፍ ሴት ነኝ። ነገር ግን ሰው ሁሉ ተነሥቶ ስሟን ሲጠራ ደረቴ ውስጥ የሚሆነውን አውቃለሁ። የሴቶቹን ጨዋታ ለማየት የሚመጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ ፊቱን ሁሉ እለየው ነበር። እኔ ግን የልጅቱ እናት መሆኔን ሳልናገር ከኋላ እቀመጥ ነበር። ዓይን እፈራለሁ።

ሁዳዴ የገባው ጨዋታው ሲጠነክር ነው። ሮማን ከልጅነቷ ጀምሮ ትጾማለች፤ ያን ዓመት ግን በቀን ሁለት ጊዜ ያለማምዷቸው ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ ከዚያም ምስርና ዳቦ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ አለችኝ፤ «እማዬ፣ ኮች ክብደት ቀንሰሻል አለችኝ። ፕሊስ፣ አባን ጠይቂልኝ። እሺ ካሉ እበላለሁ። ኖ ካሉ ደግሞ ኦኬ፣ እጾማለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ጠየቅኳቸው። ሳቁ።

«እኔ ይህን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ እሷ በባዶ ሆዷ ስትዘል ልትውል ነው እንዴ? ጨዋታው እስኪያልቅ ጠዋትም ትብላ፣ ወተትም እንቁላልም ፈቅጄላታለሁ። በምትኩ ጸሎቷን አታስታጉል። ንገሪያት ልጄ፣ አትጨነቅ።»

እሺ አባ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ቤት ስገባ ሮማን በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አባ ምን አሉ?»

«አይሆንም አሉ።»

«እንቁላል እንኳ?»

«እንቁላል እንኳ።»

«ኦኬ» አለች። ምነው በተከራከረችኝ! ምነው «ውሸትሽን ነው» ባለችኝ! የእናቷን ቃል አምና መለማመጃ ልብሷን አንሥታ ሄደች።

ለምን ዋሸሁ? ብርሃኑን ፈርቼ ነው። እሷ እንቁላል በበላችበት ጠዋት እሱን አውጥተው የሚገድሉት ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ምክንያት ያለኝ ይመስላል። የለኝም። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ስለ ወንድሟ ብላ በፈቃዷ ትጾም ይሆን ነበር። እሱ የእሷ ስጦታ ይሆን ነበር። እኔ ከእጇ ሰረቅኩና የካህን ትእዛዝ አደረግኩባት።

ከዚያ በኋላ ኳሷ እምቢ አለች። አንድ ጨዋታ ሳተች፣ ሁለተኛውንም ሳተች። በሦስተኛው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከእኔ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብለው ሁለት የሐበሻ ታክሲ ነጂዎች ይቀመጡ ነበር፤ ግርማና ሽፈራው ይባባላሉ። የአገራቸውን ልጅ ለማየት ነው የሚመጡት። በእረፍቱ ሰዓት ተያያዙ።

«ወንድ ይዛለች ስልህ!» አለ ግርማ።

«አንተ ደግሞ ሁሉንም ነገር በወንድ ነው የምትፈታው።»

«ታዲያ ምን ሆነች? ባለፈው ወር ዓይኗን ጨፍና ታገባ አልነበር?»

«እንዲህ አፍጥጠህ እያየሃት ቡዳ በልቷት ነዋ!»

«ሂድ ወዲያ! ኮርታ ነው። የኛ ሰው ትንሽ ሲጨበጨብለት አለቀለት።»

አጠገባቸው ኧርል የሚሉት ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበር፤ አንድም ጨዋታ አያመልጠውም። በምን እንደሚከራከሩ ጠየቃቸው፣ ነገሩት። ራሱን ነቀነቀ። የእኔ እንግሊዝኛ የሆቴል እንግሊዝኛ ነው፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ ስለሚናገር ገባኝ።

«ኩራት አይደለም። እዩአት፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አትስትም። ኳሷ ብረቱ ጋ ሳይደርስ እያጠረ ነው። ኳስ የሚያጥረው እግር ሲደክም ነው። ይህች ልጅ እየበላች አይደለም።»

ግርማ ለሽፈራው በአማርኛ እየሳቀ «ሰማኸው? የሐበሻ ልጅ አትበላም አለ እኮ! እናቷ በጉርሻ አንቃ ነው የምታሳድጋት!» አለው።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ከኋላቸው ቁጭ ብያለሁ። መልሱን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሮማንን ይወቅሷታል፣ ልቧን ይመረምራሉ፣ ያልያዘችውን ወንድ ይሰጧታል፤ እኔ ኮቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ «አባ ሐሳባቸውን ለወጡ፣ ብዪ» ብላት ምን ይቀርብኝ ነበር? አላልኩም። በማግስቱም አላልኩም። ውሸቴን አንድ ጊዜ ብቻ የዋሸሁት አይምሰላችሁ። በየጠዋቱ ቁርስ ሳትበላ ስትወጣ እያየሁ ዋሽቻለሁ።

የመጨረሻው ጨዋታ የተሸነፈ የሚወጣበት ነበር። ሮማን ዘጠኝ ጊዜ ወርውራ አንድ አገባች። አሠልጣኟ አስወጣቻት። ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ጓደኞቿ ተሸነፉ።

በሜትሮ ባቡር ተመለስን። ያኔ ቀዩ መስመር የሚያበቃው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ነበር። ልንደርስ ስንል፣ «እማዬ፣ ምን ሆኜ ነው?» አለችኝ። ልጅ እናቱን እንደሚጠይቅ አይደለም የጠየቀችኝ፤ ታማሚ ሐኪሙን እንደሚጠይቅ ነው። መድኃኒቱም እኔ እጅ ላይ ነበር። «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። እግዚአብሔርንም ለውሸቴ ጠራሁት።

በሚቀጥለው ዓመት አሠልጣኟ ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሰጠች። ዓመቱ ሳይጋመስ ሮማን ኳሱን ተወች። አባንም ተወቻቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ መስቀላቸውን ሳትሳለም በሌላው በር ትወጣ ነበር። እሳቸውም አንድ ቀን «ሮማንን ምን አስቀየምኳት?» ብለው ጠየቁኝ። «የልጅነት ነገር ነው፣ አባ» አልኳቸው። ያን ሐዘናቸውን ይዘው ነው የሞቱት። ሮማን ቀብራቸው ላይ አልተገኘችም።

ብርሃኑ ከሦስት ዓመት በኋላ ተፈታ። ስለትሽ ደረሰ የሚለኝ ሰው ይኖራል። እኔ ግን እላለሁ፤ እግዚአብሔር የአንዷን ልጄን ቁርስ ተቀብሎ ሌላውን ልጄን የሚሸጥልኝ ነጋዴ ነው ወይ? እንዲህ አድርጌ ያሰብኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ።

ሮማን ዛሬ በርክ በሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ ፋርማሲስት ሆናለች፣ ልጆችም አሏት። ባለፈው እሑድ ትልቋ ልጇ ለትምህርት ቤቷ የኳስ ቡድን ልመዝገብ አለቻት። ሮማን ሳቅ ብላ፣ «ይቅርብሽ፣ የእኔ ቆንጆ። እኛ ቤት ጨዋታው ሲጠነክር እጅ ይከዳል። እኔ አይቼዋለሁ» አለቻት። ልጅቱ የመመዝገቢያውን ወረቀት አጠፈችው።

እጇ አልከዳትም። የከዳኋት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የእኔን ጥፋት የራሷ ደካማነት አድርጋ ተሸክማው፣ አሁን ለልጇ ልታወርሰው ነው።

ቅዳሜ ልትጎበኘኝ ትመጣለች። ይህን ወረቀት እሰጣታለሁ፤ አፌ ስለማይታመን ነው የጻፍኩት። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም፤ ይቅር እንድትለኝ የምትገደድበት ምክንያትም አይታየኝም። እናንተ የምታነቡትም «ይፍታሽ» አትበሉኝ። በቅድሚያ እሷ ትስማ።