ላንቴ ላይ የታመመችው እንግዳ

አርባ ምንጭ አቅራቢያ ያለችው የላንቴዋ አገርነሽ ሙዟንና ማንጎዋን ያለ ኬሚካል ማልማት የጀመረችው ባሏ ደረቱን ታሞ ከሞተ በኋላ ነው። ሐኪሞቹ የኬሚካሉ ርጭት ነው አላሏትም፤ እሷ ግን መርጫውን ከቤት አውጥታ ጣለችው። ከዚያ ወዲህ ከፍግና ከቅጠል በምታዘጋጀው ኮምፖስት ነው የምትሠራው።

ልጇ ቤተል አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ ላይ አስተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ መጥታ፣ «እማዬ፣ አገር ለአገር እየዞሩ እንዳንቺ ባለ እርሻ ላይ በነፃ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። እኛ የምንሰጣቸው ማደሪያና ምግብ ብቻ ነው» አለቻት።

«በነፃ? ምን ጎድሏቸው?»

«መማር ይፈልጋሉ። አገርም ያያሉ።»

ቤተል በስልኳ ጻፈችላቸው፤ ክላራ የምትባል ጀርመናዊት በበልጉ መጨረሻ መጣች። ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ቆፍራ አትደክምም፤ ከበቆሎ ዱቄት የተድቦለቦለውን ኩርኩፋ ከነሽፈራው ቅጠሉ ጥርግ አድርጋ ትበላለች፤ አገርነሽንም «እማማ» ትላታለች። ግን ሙቀቱን አልቻለችውም። እየመሸ ሲሄድ ፍራሿን በረንዳ ላይ አውጥታ ትጋደማለች። አገርነሽ አጎበሩን ይዛ ትከተላታለች፤ ልጅቷ ትስቅና፣ «እሺ፣ እማማ» ብላ ትሰቅለዋለች። ጠዋት ሲታይ አጎበሩ ወደ ጎን ተገፍቷል።

ጎረቤቶችም እረፍት አልሰጧትም። «የሰው አገር ልጅ ናት። አንድ ነገር ብትሆን ምን ብለሽ ትመልሻለሽ?» ይሏታል።  ክላራ ቦይ ልትከፍት ወርዳ ትንሽ ከዘገየች አገርነሽ ሥራዋን ጥላ ልታያት ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት ክላራ አልተነሳችም። አገርነሽ ስትነካት እንደ እሳት ትፋጃለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ደህና ነኝ፣ እማማ። ትንሽ ልተኛ» አለች ክላራ በተሰባበረ አማርኛ።

«መቼ ጀመረሽ?»

 «ከትናንት በፊት» አለች ክላራ። ላስቸግር ብላ ሳይሆን እንዳላስቸግር ብላ ነበር የደበቀችው።

 አገርነሽ ለቤተል ደወለች፤ ክፍል ውስጥ ሳትሆን አልቀረችም፣ አላነሳችም። ጎረቤቷን ላቀውን ጠራችው፤ ባጃጁን አስነሥቶ መጣ። ደግፈው አስገቧት። ነገር ግን አርባ ምንጭ ሳይደርሱ መኪኖች ተሰልፈው አገኙ። ደጋ ላይ ሲዘንብ አድሮ ኖሮ ጎርፉ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ አስፋልቱን ሞልቶታል።

«እትዬ፣ በባጃጅ አይሞከርም» አለ ላቀው። «እስኪጎድል መጠበቅ ነው።»

«እሷስ ትጠብቃለች?»

ክላራ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ማለት ጀመረች። አገርነሽ አልገባትም። እናቷን እየጠራች ይሆን? ውሃ እየለመነች ይሆን? ውሃ ብትሰጣት አስመለሳት። ነጠላዋን አርጥባ ግንባሯ ላይ አደረገችላትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ በጋሞኛ መጸለይ ጀመረች። ጎርፉ ግን ቅንጣት አልጎደለም።

በመጨረሻ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ከኋላ መጣ። ሹፌሩ ወንደሰን ወርዶ ውሃውን አየ፤ ወደ ሴቶቹም አየ።

«ጭነቴ ከባድ ስለሆነ ጎርፉ አይወስደኝም» አለ። «ግቡ።»

ጋቢና ውስጥ አገርነሽ ክላራን እቅፏ ውስጥ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። መኪናው መሃል ላይ ሲንገዳገድ ተሰማት፤ ጎማው ተንሸራተተ፤ ወንደሰን ተሳደበ፤ ከዚያ ወጡ።

ሆስፒታል ስትመረመር ወባ ነው ተባለ። «ብትቆዩ ኖሮ ያስቸግረን ነበር» አለ ሐኪሙ ግሉኮሱን እየሰካ። ቤተል የተደወለላትን አይታ መልሳ ደውላ ነበር፤ እየሮጠች ስትደርስ የክላራ ስልክ ይጮህ ነበር። እናቷ ናት። ቤተል በእንግሊዝኛ ስትናገር አገርነሽ ፊቷን እያየች ቆመች።

«ምን አለች? ተቆጣች?»

«አጠገቧ ማን አለ ነው የምትለው።»

«እኔ አለሁ በያት። እስክትነሳ የትም አልሄድም በያት።»

ቤተል ነገረቻት። ከወዲያ በኩል ለቅሶ ተሰማ። የአገርነሽም እስከዚያ ይዛው የነበረው እንባ መጣ።

ትኩሳቱ ሲለቃት ክላራ ላንቴ ተመልሼ ሥራዬን ልጨርስ ብላ ለመነች። እናቷ ግን ወደ ቤት ነይ አለች። «ሂጂ» አለቻት አገርነሽ። «እናትሽ ዓይንሽን ትይ።» አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ተቃቅፈው ቆዩ።

አገርነሽ ቤቷ ስትገባ ዱላ እንደ ወረደበት ሰው ሰውነቷ ዛለ። እርሻዋንም ሳታይ ጋደም አለች። ቤተል አጠገቧ ተቀምጣ ስልኳን እያየች፣ «እማዬ፣ ሌሎች ሁለት ልጆች ደግሞ እንምጣ ብለው ጽፈዋል» አለች።

«ዛሬ አትንገሪኝ» አለች አገርነሽ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «መጀመሪያ ያችኛዋ በሰላም ገባሁ ትበል።»