ከመዝገብ የተሰረዘችው ሲራድ

በሰኔና በሐምሌ ሙቀት በርበራ ወደብ የሚቀረው ወይ ድሃ ነው፣ ወይ እንደኔ የጭነት መኪና ጥገና የያዘው። አቅም ያለው ቤቱን ቆልፎ ወደ ደጋማዋ ሼኽ ከተማ ይወጣል። ንፋሱ አሸዋውን ይዞ ሲመጣ የቀረነው ፊታችንን ሸፍነን እንውላለን። ሲራድ ግን ያንን ወቅት ትወደዋለች። «ሀብታሞቹ ሲሄዱ ለእኛ የመልካም ሥራ ሜዳው ይሰፋልናል» እያለች ትስቃለች።

ሲራድ ጎረቤቴ ናት። ድሮ ወደ ሳውዲ ለሚጫኑት በጎችና ፍየሎች ሣር ተሸክማ ወደብ ታደርስ ነበር። አንድ ቀን ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና ከግንብ ጋር አጣብቆ ዳሌዋን ሰበራት፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አትሄድም። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። የሰፈራችን መስጊድ ኮሚቴ በየወሩ ለችግረኞች ዱቄትና ዘይት ሲያድል ስሟ ከመጀመሪያዎቹ ነበር።

ታዲያ ከዚያው ዱቄት ጠዋት ጠዋት እንደ እንጀራ ያለ ስስ ላሆህ ትጋግራለች። የመጀመሪያዎቹን አምስት በጨርቅ ጠቅልላ፣ እያነከሰች፣ በአሮጌው የዓሣ መጋዘን ጥላ ሥር ለሚያርፉት መንገደኞች ትወስዳለች። ከኢትዮጵያ በእግራቸው መጥተው በቦሳሶ ወደብ በኩል ባሕር ሊሻገሩ የሚሄዱ ናቸው። እግራቸው ቆስሎ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነው የሚደርሱት። እኔ የድሬዳዋ ሰው ስለሆንኩ እንዳስተረጉምላት ትጠራኛለች።

ወሬው ሐጂ ዱዓሌ ዘንድ ደረሰ። ሐጂ የእህል ነጋዴና የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት ግን ይወድ ነበር። አንድ ቀን ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሰላት፣ በኋላ ደጇ ላይ መጥቶ ቆመ። እኔ መኪና ሥር ተጋድሜ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ሲራድ፣ የሰጠንሽን ዱቄት ለሰው ታድያለሽ አሉ።»

«እውነት ነው።»

«እኛ እኮ አንቺ እንድትበዪው ነው የሰጠንሽ። ከተረፈሽ ድሃ አይደለሽም ማለት ነው።»

«ተረፋት ያለህ ማን ነው? ከጎደለው ላይ ነው የምሰጠው።»

«ሙስሊም መሆናቸውንስ ጠይቀሻል?»

«ሆዳቸውን ጠየቅኩት፣ ባዶ ነኝ አለኝ። ሐጂ፣ ዘካ ሕግ አለው፤ ለማን እንደሚሰጥ አንተ ታውቃለህ። የኔ ሰደቃ ነው። ጉበቱ እርጥብ በሆነ፣ ነፍስ ባለው ፍጡር ሁሉ ምንዳ አለ ሲባል አልሰማህም?»

«ሰደቃ የሚሰጠው ያለው ሰው ነው!»

ሲራድ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች። አባቷ ቁርአን አስተማሪ ነበሩ። ማንበብ ባትችልም አንዴ የሰማችውን አትረሳም።

«በሪራን ታውቃታለህ? ከባርነት ነፃ የወጣች ሴት ነበረች። ሥጋ ሰደቃ ሰጧት፤ ከዚያው ላይ ለነቢዩ ቤት ሰጠች። ነቢያችን ምን አሉ? ‹ለእሷ ሰደቃ ነው፣ ለእኛ ስጦታ› አሉ። በሪራን ‹የሰጠንሽን የት አደረስሽው› ብሎ ደጇ ላይ የቆመባት ማን ነው?»

ሐጂ ጺሙን ጎተተ። «እኔን ዲን ልታስተምሪኝ? ወይ ማደሉን ተዪ፣ ወይ ስምሽ ይሰረዛል።»

«ሰርዘው! እኔ አልጻፍኩት።»

ተሰረዘ።

ከዚያ በኋላ ሰሌን እየሠራች መሸጥ ጀመረች። አምስቱ ላሆህ ሦስት ሆነ፣ አንዳንድ ቀን አንድ። እሱም ሲጠፋ ውሃ በጀሪካን እያስጎተተችኝ ሄዳ የመንገደኞቹን ቁስል ታጥባለች። ከሳች፣ ጉንጯ ገባ። አላስችል ብሎኝ ተቆጣኋት።

«ኤዶ፣ ለራስሽ አታስቢም እንዴ?» አልኳት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኤዶ፣ አክስቴ፣ ነው የሚላት።

«ለራሴ ነው እኮ የማስበው፣ አንተ መካኒክ! ዕድሜዬን ሙሉ ስቀበል ኖሬ፣ እጄ እንደተዘረጋ ደርቆ ልቀበር? ከላይ የሚሆን፣ የሚሰጥ እጅ ለሀብታም ብቻ ነው ያለህ ማን ነው?»

ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው በመስጊዱ ግቢ እደላ ነበር። ሐጂ ዱዓሌ አፋቸው ከተከፈተ ጆንያዎች ኋላ ተቀምጧል። ሴቶቹ ተሰልፈዋል። እኔ ጆንያ በማውረድ እያገዝኩ ነበር። ሲራድ አንድ የወተት ጣሳ ታቅፋ መጣችና ተራዋን ጠብቃ ፊቱ ቆመች።

«ስምሽ የለም፣ ሲራድ።»

«ልቀበል አልመጣሁም። ልሰጥ ነው።»

ጣሳውን አነሳችው፤ ዱቄት ሞልቶበታል። ከሰልፉ ውስጥ «ዛሬስ አበደች» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«የድሃ አልቀበልም» አለ ሐጂ። «ውሰጂና ጋግረሽ ብዪ።»

«በግማሽ ቴምር ሰደቃም ቢሆን ከገሃነም እሳት ተጠበቁ ተብለን የለ? ግማሽ ቴምር የሚኖረው ማን ነው፣ ሀብታም? አንተ በሩን ልትዘጋብኝ ማን ሾመህ?»

«ሂጂ አልኩሽ!»

ሲራድ ጣሳውን እጆንያው ላይ ገለበጠችው። አቧራው ቡን ብሎ የሐጂን ጺም አለበሰው።

«በል ለየው!» አለች። «የኔን ከሀብታሞቹ ለይተህ መልስልኝ!»

ሐጂ ጆንያውን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ጆንያውን አየ። ከሰልፉ መሃል አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ሲራድ አልሳቀችም። ባዶ ጣሳዋን ይዛ ወደ በሩ ስታዘግም፣ ድርሻዋን የተቀበለች አንዲት አሮጊት ተከትላት አንድ እፍኝ ዱቄት ጣለችበት። «ለመንገደኞችሽ» አለቻት። ሌላዋም ተከተለች፣ ሌላዋም። ጣሳው ሲሞላ ሻርፓቸውን ዘረጉ። ሐጂ ከወንበሩ ሆኖ ያያል። የማንን ስም ሊሰርዝ ነው?

የሲራድን ስም ግን አልመለሰም። እሷም አልጠየቀችም።

በረመዳን አጋማሽ አንድ ጠዋት ሐጂ ብቻውን ጋራዤ መጣ።

«አንድ ጆንያ ዱቄትና አንድ ጀሪካን ዘይት ሱቄ አለ። ጭነህ ደጇ አራግፍ። ማን ላከው ካለችህ አላውቅም በል።»

«በጾም ልታስዋሸኝ ነው?»

«እንግዲያው አልናገርም በል! ማልልኝ።»

ማልኩ። እስኪሞት ድረስ ሦስት ዓመት በየወሩ አመላለስኩ። ሲራድ አንድ ቀን እንኳ ማን ላከው አላለችኝም። በተቀበረ ማግስት መሐላዬ አብሮት እንደተቀበረ ቆጥሬ ነገርኳት።

«አውቄ ነበር» አለች ሰሌኗን ሳትተው። «በርበራ ውስጥ ነቀዝ የሌለው ዱቄት ያለው ማን ሆነና?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እሱ ሰደቃውን ደብቆ፣ እኔ አደባባይ ላውጣበት?» የሰሌኑን ቅጠል አጥብቃ ጎተተች። «ስለ መሰረዙ ግን ይቅር ያልኩት ትናንት፣ አፈር ሲያለብሱት ነው። አንድ ቀን እንኳ ቀደም ብዬ አይደለም።»