ከመስኮቱ ወዲህ የቀረችው ቤሪል

የቤሪል ታኒክሊፍ እንጀራ ታስሮ መቀመጥ ነበር። ሌላው ሰው ሲሮጥ፣ ሲሸከምና ሲጨቃጨቅ ውሎ ይበላል፤ እሷ ወንበር ላይ ተጠፍንጋ ውላ ትበላለች። ነገሩ ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን ነው። ቦረምውድ በምትባል ከተማ ከሚገኙት የፊልም ስቱዲዮዎች በአንዱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ለሚታይ የሰላዮች ድራማ ትሠራ ነበር። የድራማው ጀግና ሴት ሰላይ ናት፤ ቆንጆ፣ ብልህ፣ ምላሷ የተሳለ። ግን ምን ብልህ ብትሆን በየሳምንቱ ሳትታፈን አትቀርም። አንድ ቅዳሜ መጋዘን ውስጥ ከወንበር ጋር ትታሰራለች፣ በሚቀጥለው ሣጥን ውስጥ ይቆለፍባታል፣ በሌላው ደግሞ ውሃ እየሞላ ባለ ምድር ቤት ትዘጋለች። ደራሲዎቹ ሴት ልጅን ከማሰር ሌላ ምንም አይመጣላቸውም ነበር፤ አፈር ይብሉና።

ሰላይዋን የምትጫወተው ሚስ ቫርዴይ የምትመጣው ፊቷ ሲያስፈልግ ብቻ ነው። መብራት እስኪስተካከልና ካሜራ ቦታውን እስኪይዝ ታስራ የምትቆየው፣ ከኋላ የምትቀረጸው፣ የታሰረ እጅ በቅርበት ሲፈለግ እጇን የምታውሰው ቤሪል ነች። እዚያው ቦረምውድ ተወልዳ፣ ብሩሽ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ነው ያገኟት። አንዱ የስቱዲዮ ሰው አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ከኋላዋ ቆሞ አይቷት ሚስ ቫርዴይ መስላው ሰላም አላት። ዞር ስትል ፊቷ ሌላ ሆነ፤ ጀርባዋ ግን ቁርጥ እሷን ነበር። በሳምንቱ የፋብሪካውን ሽርጥ አውልቃ ታሰረች።

መታሰሩን አልጠላችውም። ሰው ሥራውን ይለምዳል፤ እሷም እግሯ ሲደነዝዝ ጣቶቿን በጫማ ውስጥ እያንቀሳቀሰች፣ የሚያሳክካትን አፍንጫ በትከሻዋ እየፈተገች መኖርን ለመደች። የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነው። ሰላይዋ በየሳምንቱ እንደምትታሰር ሁሉ በየሳምንቱ ታመልጣለች። ገመዱን ትበጥሳለች፣ ዘበኛውን በወንበር ትለዋለች፣ መስኮት ሰብራ ትዘላለች። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ሬጅ ነው። ሬጅ ቦልሶቨር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ የሚስ ቫርዴይን ግራጫ ጉርድና ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዊግ ደፍቶ ይዘላል። መዝለል የወንዶቹ ሥራ ነበር፤ የሴቶቹ ዝላይ ሳይቀር። ጉርድ ለብሶ እንዴት እንደሚሮጥ ያስተማረችው ቤሪል ነች።

ቅዳሜ ማታ ከእናቷ ጋር ቋሊማና የተፈጨ ድንች ጭናቸው ላይ አድርገው ድራማውን ያያሉ።

«ይቺ አንቺ ነሽ?» ይላሉ እናትየው።

«እኔ ነኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እኔ ነኝ፤ እጄን አታይውም?»

ሰላይዋ ተነስታ መስኮቱን በትከሻዋ ትበረግደዋለች። «አሁንስ?»

«አሁንማ ሬጅ ነው፣ እማ።»

«እንዲያው አንድ ቀን እንኳ አትወጪም?» ይላሉ እናትየው፤ ወደ ቋሊማቸው ይመለሳሉ። ሴትዮዋ ክፋት የላቸውም፤ እውነቱን ነው የተናገሩት። ቤሪል ግን ያ ቃል ደረቷ ላይ ተቀምጦ ያድራል። በሕይወቷ የምትመኘው አንድ ነገር ቢኖር በዚያ መስኮት መውጣት ነበር። ለዝና አይደለም፤ ፊቷ እንደሆነ አይታይም። አንድ ጊዜ ብቻ የምታመልጠው እሷ እንድትሆን ነው።

እንግዲህ የስቱዲዮውን ሥርዓት ካላወቁ የሚከተለው አይገባም። እዚያ ቤት እያንዳንዱ ነገር ባለቤት አለው። መብራት የሚነካ ወንበር አያነሳም፤ ወንበር የሚያነሳ ልብስ አይነካም። ቤሪል አፏ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ የልብስ ክፍል ነው፤ እጇ ላይ ያለው ገመድ ግን የዕቃ ክፍል ነው፤ ማንም ሌላ ሰው አይፈታውም። ይህን ቂልነት ነው የሚል ካለ አባቱ ከሥራ የተባረረበት ሰው አይደለም። በክፉው ዘመን አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ እየሠራ ሁለቱ ጎዳና ወጥተዋል፤ ሕጉ የመጣው ያኔ ነው። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊና የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ሌን ሀጊት አባቱ እንደዚያ ከተባረሩት አንዱ ነበሩ። ሌን ቤሪልን ለዓመታት ሲያስራት እንደ ልጁ ነበር የሚያያት። ቋጠሮው ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ቆዳዋን አይነካም፤ ጫፉን አንድ ጊዜ ቢስቡት ይለቃል። ቤሪል ጫፉ የት እንዳለ ገና በመጀመሪያው ዓመት አውቃለች፤ ግን ስባው አታውቅም። የሰው ሥራ ነዋ።

በዚያን ዕለት ጠዋት ዳይሬክተሩ ሚስተር ፖምፍሬት ጸጉሩን እያከከ መጣ።

«ቤሪል፣ ሬጅ ትናንት ከደረጃው ሲወድቅ ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል። መስኮቱን አንቺ ትዘይዋለሽ?»

«እኔ?»

«ሌላ ሰው አይታየኝም። ካልፈለግሽ ግን—»

«ማን አልፈልግም አለዎት? እዘላለሁ!»

«በቃ፣ ከሻይ በኋላ። መስታወቱ ከስኳር የተሠራ ነው፤ ምንም አትሆኚም።»

ሌን ሊያስራት ሲመጣ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ አገኛት። «ምን ተገኘ ዛሬ? ማን አገባሽ?»

«ከማግባትም ይበልጣል፣ ሌን። ዛሬ የምወጣው እኔ ነኝ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! ጭንቅላትሽን ብቻ ጠብቂ፣ የቀረው ይጠገናል።» ከልቡ ነበር ደስ ያለው።

የዕለቱ መታሰሪያ የወንጀለኞች መጋዘን ነው፤ ጆንያ ተከምሯል፣ መሬቱ ላይ ጭድ ተበትኗል። የሻይ ደወል ሲደወል የእስሩ ቀረጻ ገና አላለቀም። ሌን ሊፈታት ጎንበስ ሲል «ተወው፣ እንደገና ስታስረኝ ጊዜ ይሄዳል። ቶሎ ጨርሰን ወደ መስኮቱ እንድረስ» አለችው። የልብስ ክፍሏ ዊኒ ጨርቁን ከአፏ አወረደችላት፣ ወተት ያለው ሻይ ይዛ አጠጣቻት፣ ብስኩት አጎረሰቻት፤ ከዚያ እሷም የራሷን ሻይ ፍለጋ ወጣች። ሁሉም ወጡ። የአዳራሹ ከባድ በር ተዘጋ። በሩ ከውጭ ድምፅ እንዳይገባ የተሠራ ነው፤ ከውስጥም አያስወጣም።

ቤሪል ዓይኗን ጨፍና ዝላዩን በሐሳቧ ስትለማመድ የተቃጠለ ነገር ሸተታት። አንዱ ጆንያ ተንሸራቶ ሳይጠፋ በተተወ መብራት ላይ ተደግፏል። መጀመሪያ ጭስ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጆንያው ቀላ፤ ፍሙ ከታች ጭዱ ላይ ጠብ አለ።

«ሌን!» ብላ ጮኸች። «ሌን! ዊኒ! ኧረ እሳት ነው! ኧረ ሰው የለም ወይ?»

ስንት ጊዜ በዚያ ወንበር ላይ ያለ ድምፅ «ስትጮህ» ኖራለች። አሁን የእውነት ስትጮህ ድምፁ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ስፖንጅ አላለፈም። ጭዱ ወደ እግሯ እየተቃጠለ መጣ። ፈራች። ወንበሩን ልታንፏቅቅ ሞከረች፤ ወንበሩ በምስማር ተመትቶ ኖሯል። ያኔ ጣቷ ራሱ የገመዱን ጫፍ ፈልጎ አገኘ፤ ሳበችው። ገመዱ ለቀቀ። ዘልላ ተነስታ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት አሸዋ የተሞሉ ቀያይ ባልዲዎች አንዱን አወረደች፣ አሸዋውን ደፋችበት፣ ሌላም ደገመች፣ የቀረውን በጫማዋ ረጋገጠችው። ሲመለሱ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ፣ ባልዲ እንደያዘች በመጋዘኑ መካከል ቆማ አገኟት።

ሁሉም ቀጥ አለ። ሌን ጭዱን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ የወደቀውን ገመድ አየ።

«ማነው የፈታሽ?» አለ።

«ሌን፣ እሳት ተነስቶ ነበር።»

«አየሁ። ገመዱን ማን ነው የፈታው?»

«እኔ ነኛ! ማን ይፈታኝ? ሁላችሁም ሻይ ላይ!»

ሌን ቆቡን አወለቀ። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ የተጎዳ ሰው ፊት ነው። «ቤሪል፣ ብትቃጠይ ኖሮ ራሴን ይቅር አልልም ነበር። ግን የእኔ ቋጠሮ በሌላ እጅ ተፈቷል። የክፍሌ ልጆች ሁሉ አይተዋል። ዛሬ ለእሳት ነው፣ ይሁን ብዬ ዝም ካልኩ ነገ ጊዜ ለመቆጠብ ይፈቱታል፤ ከነገ ወዲያ የዕቃ ክፍል ለምን አስፈለገ ይሉናል።» ከኋላው የቆሙት የዕቃ ክፍል ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈዋል። መሣሪያ የያዘው መሣሪያውን አስቀምጧል። ልብ በሉ፤ ተቃጥላ እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ሚስተር ፖምፍሬት ላብ አጠመቀው። ሰዎቹ ጥለው ከወጡ የቀኑ ሥራ ገደል ገባ። ቤሪልን ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«የኔ እመቤት፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እዚያ ወንበር ላይ ተመለሺ። እሱ ያስርሽ፣ እሱ ይፍታሽ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።»

«ተመልሼ ልታሰር? በምን ጥፋቴ?»

«ጥፋት የለብሽም። ለደንቡ ነው። ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ መስኮቱ ያንቺ ነው።»

ቤሪል ወንበሩን አየችው። ከሥሩ ያለው ጭድ ጠቁሮ አሁንም ይሸታል። እምቢ ልትል ነበር፤ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከወንበሩ ባሻገር መስኮቱ ይታያል፤ ከእሱ ወዲያ ለመዝለያ የተነጠፈው ፍራሽ። እምቢ ካለች ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ነገ ሬጅ ይድናል። እሺ ካለች ዛሬ ትወጣለች።

«እሺ» አለች። ሄዳ ተቀመጠች፣ እጇን ራሷ ወደ ኋላ አደረገች።

ሌን በርከክ ብሎ አሰራት።  «አመሰግናለሁ፣ የኔ ልጅ። ይህን ውለታሽን አልረሳም» አላት። የዕቃ ክፍል ሰዎች እፎይ አሉ፤ ሁሉም መሣሪያውን አነሳ። እዚህ ላይ ቢፈታት ኖሮ ነገሩ ባለቀ። ሌን ግን ቀና ሲል ሁሉም እሱን እያዩት ነው፤ ከመብራት ሠራተኞቹ አንዱ «ሌን፣ መስኮቱንስ ማን ነው የሚዘለው?» አለ።

ሌን ቆቡን መልሶ ደፋ። ያልተዋጠለት ነገር እንዳለ ያስታውቃል። «የቤሪል የማኅበር ካርድ ሥራዋን ምን ይላል?» አለ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ።

«የመብራት ጊዜ ተተኪ» አለ ሚስተር ፖምፍሬት። «ሌን፣ እባክህ—»

«ገመዱ የእኔ ከሆነ መስኮቱ የሬጅ ነው። አሁን በሰው ሁሉ ፊት ደንብ ነው ብዬ አስሬያት፣ ዞር ብዬ ደንቡን አላውቀውም ልበል?»

«ሌን!» አለች ቤሪል። «ጠዋት እሰይ ብለኸኝ ነበር እኮ!»

«ብዬሻለሁ። ከልቤ ነው ያልኩሽ።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ጠዋት አላሰብኩትም ነበር። አንቺ ነሽ እንዳስብ ያደረግሽኝ።»

እሷም ገባት። ያ ወንበር ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ መስኮቱን የገዛች መስሏት ነበር፤ የሸጠችው ያኔ ኖሯል። ሚስተር ፖምፍሬት ሰዓቱን አየ፤ ክርክሩን ተወው። ሬጅ ቤቱ ሁለት መንገድ ማዶ ነው፤ በስልክ ተጠርቶ ቁርጭምጭሚቱን በፋሻ አስሮ እያነከሰ ደረሰ። ሌንም የስኳሩን መስታወት ለመግጠም ወደ መስኮቱ ተጣደፈ፤ ያም የእሱ ሥራ ነው። ቤሪልን መፍታቱን በዚህ መሐል ረሳው።

ሬጅ ጉርዱን እያስተካከለ ወንበሯ አጠገብ ቆመ። በዊጉ ሥር ጆሮው ቀልቷል።

«ቤሪል፣ ሙቺ አልፈለግኩም። ሌን ነው የጠራኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ትከሻዬን… የቱን ላስቀድም?»

ልትነግረው አልፈለገችም። ሰው ነች። የእሷን ዝላይ፣ ጠዋቱን ሙሉ በሐሳቧ የዘለለችውን፣ ለሌላ ማስተማር አንጀቷን አቃጠላት። «ግራውን» አለች ግን። «ጉልበትህን ሰብሰብ፣ እንደ ወንድ አትንደርደር። በታመመው እግርህ እንዳታርፍ።»

«ቀረጻ!» አለ ሚስተር ፖምፍሬት። ሬጅ አነከሰ፣ ሮጠ፣ በግራ ትከሻው መስታወቱን በረገደው። ስኳሩ እንደ በረዶ ተበተነ፣ ግራጫው ጉርድ በመስኮቱ ወጥቶ ጠፋ። እንደዚያ ያለ ዝላይ በዚያ አዳራሽ ታይቶ አይታወቅም፤ መብራት ሠራተኞቹ፣ የዕቃ ክፍሎቹ፣ ሁሉም አጨበጨቡ። ሌን ከሁሉም ድምቅ አድርጎ አጨበጨበ።

ዊኒ እያጨበጨበች ወደ ቤሪል ዘወር አለች። «ምነው ቤሪል፣ ቅር አለሽ እንዴ? ለሬጅ እንኳ አታጨበጭቢም?»

ቤሪል ከተሰበረው መስኮት ወዲያ እያየች ነበር።

«ሌን ሲመጣ አጨበጭባለሁ» አለች።